ቡቺ ደሞዙን ከማን ነው የሚቀበለው?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልህ ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። ተከራይተን የምንኖረው ሦስት ቤተሰብ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። ከሦስት ወር በፊት ባለቤቴ ኮምቦልቻ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ አንድ ቡችላ በካርቶን ይዞ መጣ። ያኔ ገና የአንድ ወር ልጅ ነበር። ቡቺ አልነው። አሁን አራት ወሩ ነው፤ ግቢውን ግን ገልብጦታል። ልጆቼን (የአምስትና የስምንት ዓመት ናቸው) እጅ እጃቸውን ይነክሳል፣ ልብሳቸውን ይጎትታል። በር ላይ የወለቀ ጫማ ይዞ ጓሮ ይገባል። በረንዳው ላይ ይሸናል። ሌሊት ይጮኻል። ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን በአከራያችን በሐጂ ላይ የሚያደርገው ነው። ለሶላት ሲወጡ ዘሎ ጋቢያቸው ላይ ይወጣል። ተቆጥተውኝ አያውቁም። ባለፈው ግን «ልጄ፣ የዚህን ውሻ ነገር አንድ በይኝ» አሉኝ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀን ቀን ጓሮ አስረነው ይውላል፤ ማታ ሲፈታ ጭራሽ ይብስበታል። መታነው፣ አፉን ጨብጠን ተቆጣነው፣ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ደፈቅነው፤ ለውጥ የለም። የሰፈሩ ልጆች ሚጥሚጣ አቅምሱት ይላሉ። ሌላው ደግሞ ጆሮውን አስቆርጡት፣ ሰው አታስለምዱት፣ ያኔ ደህና ጠባቂ ይወጣዋል ይላል። እኔ ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ

አብሽሪ እህቴ። ቡቺ ምንም አልሆነም። የአራት ወር ቡችላ ይነክሳል፣ ይዘላል፣ ያገኘውን ያኝካል፣ የመጣበት ቦታ ላይ ይሸናል። ይህን የማያደርግ ቡችላ ካየሽ ታሟል ብለሽ ጠርጥሪ። ችግሩ ሌላ ነው። ቡቺ ይህን ሁሉ ሲሠራ እዚያው ግቢ ውስጥ ደሞዝ የሚከፍለው ሰው አለ።

ምን ማለቴ ነው? ውሻ ጨዋና ባለጌ ብሎ ነገር አያውቅም። የሚያውቀው «ይህን ሳደርግ ምን አገኘሁ?» የሚለውን ነው። ካገኘ ይደግመዋል፤ ካላገኘ ውሎ አድሮ ይተወዋል። ደሞዙ ደግሞ ሥጋ ብቻ እንዳይመስልሽ። አባሮሽ ደሞዝ ነው። የልጅ ጩኸት ደሞዝ ነው። በእጅ መገፋት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት፣ «ኧረ ተው አንተ!» መባል ሁሉ ደሞዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ብቻውን ታስሮ ለዋለ ቡችላማ ቁጣም ቢሆን ወሬ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጥፋት ባየሽ ቁጥር «ማነው የከፈለው?» ብለሽ ጠይቂ። ከፋዩን ብዙ ጊዜ ከቤትሽ አታጪውም።

ከሐጂ እንጀምር፤ እሱ ነው ያስጨነቀሽ።

የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን መንካቱ ለሐጂ የጭቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሻፊዒ መዝሀብ (አንዱ የእስልምና ሕግ ዘርፍ ነው) የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ለሱብሂ በጨለማ ብድግ ያሉ ሽማግሌ በር ላይ ጋቢያቸው ሲላስ ምን ያድርጉ? ተመልሰው ይቀይሩ ወይስ ጀመዓው፣ የጋራ ሶላቱ፣ ይለፋቸው? ስለዚህ ይህ «ቀስ እያለ ይለምዳል» የሚባል ነገር አይደለም። ማስተማሩ ሳምንታት ይወስዳል፤ ሐጂን የመንካት ዕድሉ ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ መዘጋት አለበት። ደግነቱ የሶላት ሰዓት የታወቀ ነው። አዛን ሲሰማ ቡቺ ወይ ቤት ይግባ ወይ በአጭር ገመድ እጅሽ ላይ ይሁን። ሐጂ ከበር እስኪወጡ፣ ሲመለሱም እንዲሁ። በቀን አምስት ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። ይሰለቻል። ግን ሌላው ሰው ብር ከፍሎ የማያገኘው ልምምድ ነው፤ በየቀኑ አምስት ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ሰው፣ አንድ ዓይነት በር።

ደግሞ ዛሬውኑ ሐጂ ጋ ሂጂ። «አባቴ፣ ከነገ ጀምሮ በሶላት ሰዓት እይዘዋለሁ፣ እያስተማርኩትም ነው፣ ትንሽ ይታገሡኝ» በያቸው። ዝም ብለሽ በጓዳ ከምትሳቀቂ ይሻላል። እሳቸውን ግን በትምህርቱ አታስገቢያቸው። «ሲዘልብዎ ፊትዎን ያዙሩ» ብለሽ ለሽማግሌ ሰው መመሪያ አይሰጥም። ሥራው ያንቺና የቤተሰብሽ ነው።

አሁን ወደ ዝላዩ። ቡችላ ለምን ይዘላል? አፍሽንና ፊትሽን ሊደርስበት ነው። እናቱንም ሰላም የሚላት አፏን እየላሰ ነበር። ፊታችን ከፍ ያለ ስለሆነ ይዘላል። ስትገፊው ትግል የጀመርሽ ይመስለዋል። ስትጮኺ አብረሽው የጮኽሽ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲዘል በቃ ምንም አታድርጊ። እጅሽን እጠፊ፣ ፊትሽን አዙሪ፣ አትዪው፣ አታናግሪው። አራቱም እግሩ መሬት በነካ ቅጽበት ደግሞ ቁጭ ብለሽ አሻሺው፣ ጉርሻ ስጪው። ደሞዙ በዚያች ቅጽበት ነው የሚከፈለው፤ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ የመጣ ጉርሻ ለምን እንደመጣ አያውቀውም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ዝም ስትዪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስበታል። ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ቀሚስ ይጎትታል። ድሮ ይሠራ የነበረ ዘዴ እንቢ ሲለው አጠንክሮ መሞከሩ ነው። ያኔ ሰልችቶሽ አንዴ «ውረድ!» ብለሽ ከገፋሽው አለቀ፤ «ለካ አጥብቆ መሞከር ነው» ብሎ ይማራል። ከቀድሞውም ይከፋል።

እና እህቴ፣ ባለቤትሽ ማታ ሲገባ ቡቺ ሲዘልበት ምን ያደርጋል? አልጻፍሽውም፤ ግን እገምታለሁ። «የኔ ጀግና!» እያለ ደረቱ ላይ ያስወጣዋል አይደል? ዋናው ከፋይ እሱ ነው። ቡችላው በሥራ ልብስና በጋቢ መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም። ማታ በባለቤትሽ ላይ የተፈቀደ ዝላይ ንጋት ላይ በሐጂ ላይ ይደገማል። ይህን ክፍል አንብቢለት። መጫወት ከፈለገ ይጫወት፣ ግን መሬት ቁጭ ብሎ።

ከዚያ «ተቀመጥ»ን አስተምሪው። ጉበት ቀቅለሽ ሽምብራ በሚያህል መጠን ቆራርጪ። አንዷን አፍንጫው ጋ አስጠጊና ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ጆሮው በኩል ቀስ አድርገሽ ውሰጂ። አፍንጫው ቁራጯን ሲከተል መቀመጫው በራሱ ይወርዳል። መሬት እንደነካ አጉርሺው። ቃሉን ከመጀመሪያው አትለፍልፊው፤ ነገሩ ሲገባው ነው «ተቀመጥ» የምትዪው፣ እሱንም አንዴ ብቻ። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ እንጂ!» ካልሽው ሦስተኛውን መጠበቅ ይለምዳል። አምስት ደቂቃ ሠርታችሁ ተዉት፤ ማታም አምስት ደቂቃ። ከራት በፊት ይሁን፤ የጠገበ ተማሪ አይማርም።

ተቀመጥን ሲያውቅ ጆንያ አንጥፊለት። አዎ፣ አሮጌ ጆንያ። ከበሩ ራቅ ያለ ጥግ ላይ አድርጊው። ጆንያው ላይ በቆመ ቁጥር ጉርሻ ይውደቅለት፤ ከእጅሽ ሳይሆን እዚያው ጆንያው ላይ። በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ እየሄደ ይቀመጥበታል። ያኔ አንዱ ልጅሽ የግቢውን በር ያንኳኳ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ አንቺ ጆንያው ላይ ጉርሻ ጣይ። ኳ! ጉርሻ። ኳ! ጉርሻ። መጀመሪያ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ተይው፣ በሩም አይከፈት። ተመልሶ ጆንያው ላይ ሲወጣ ክፈዪው። ከቆይታ በኋላ በሩ ሲንኳኳ ቀድሞ ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ አንቺን ያይሻል። ያን ቀን ነው ሐጂ ያለ ገመድ በፊቱ ሊያልፉ የሚችሉት። እስከዚያ ገመዱ አይለቀቅ።

አሁን ወደ ንክሻው።

ቡቺ ከእናቱ የተለየው በወሩ ነው። እኛ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ጥርስ ካወጣ በቃ ይሰጣል። ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት ነበረበት። እዚያ ሲጫወቱ አንዱ አንዱን አጥብቆ ሲነክሰው የተነከሰው «ቃው!» ብሎ ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል። ነካሹ ብቻውን ይቀራል። ጥርሱ ምን ያህል እንደሚያም የሚማረው እንደዚያ ነው። ቡቺ ይህ ትምህርት ቀርቶበታል፤ አሁን እናንተ ናችሁ የምታስተምሩት።

በዚያ ላይ ድዱ ያመዋል። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። አራት ወር ገደማ መርገፍ ይጀምራሉ፤ በስድስትና በሰባት ወር ውስጥ በ42 ትልልቅ ጥርሶች ይተካሉ። ቤት ስትጠርጊ ሩዝ የምታህል ነጭ ነገር ወለሉ ላይ ካገኘሽ ጥርሱ ናት። ያኘከው ጨርቅ ላይ ትንሽ ደም ብታዪም አትደንግጪ። ይህ ሁሉ የማኘክ ረሃብ አንድ ቦታ መውጣት አለበት። አሮጌ ጨርቅ ገምደሽ ጫፍና ጫፉን ቋጥሪ፣ ውሃ ነክረሽ ጨምቂውና ማታ ውጭ አሳድሪው። የደሴ ብርድ የፍሪጅ ያህል ነው፤ ጠዋት ያን ቀዝቃዛ ጨርቅ ስትሰጪው ድዱን ያስታግስለታል። ጥሬ ካሮትም ጥሩ ነው። የተቀቀለ አጥንት ግን አትስጪው፣ በተለይ የዶሮ። ይሰነጠቅና ጉሮሮውን ወይም አንጀቱን ይወጋዋል።

ልጆቹስ? እዚህ ጋ ከፋዮቹ እነሱ ናቸው፤ ሳያውቁ። ቡቺ እጃቸውን ሲይዝ ይጮኻሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ይሮጣሉ። ለቡችላ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ የለም። ስለዚህ ለልጆቹ አዲስ ጨዋታ አስተምሪያቸው፤ ቡቺ ሲመጣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅን ብብት ውስጥ መክተት፣ ሰማይ ሰማይ ማየት። መጀመሪያ የተነቃነቀ ተሸነፈ። የአምስት ዓመቷ ወይም ዓመቱ ልጅ ይስቃል፣ ይነቃነቃል፤ ችግር የለም፣ ያለ ቡቺ ደጋግመው ይለማመዱት። ቡቺ የሚነክሰው ሲያጣ የተገመደውን ጨርቅ አቅርቢለት። አሁንም እጅ እጅ ካለ «በቃ» በይና ልጆቹን ይዘሽ ቤት ግቢ፣ በሩን ዝጊ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ውጪና እንደገና። አጥብቆ ነከሰ፣ ጨዋታ አበቃ። ትምህርቱ ይኸው ነው። ትንንሽ ልጆችን ደግሞ ከቡችላ ጋር ብቻቸውን አትተያቸው፤ ጥሩ ቡችላም ቢሆን።

አንድ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ቡችላ ብዙ ነው የሚተኛው፤ በዚህ ዕድሜ ከቀንና ከሌሊቱ 18 ሰዓት ያህል ቢተኛ አትገረሚ። እንቅልፍ ያጣ ቡችላ እንደ እብድ ይሯሯጣል፣ ንክሻውም ይከርራል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየቀሰቀሱት ይሆን? ማምሻው ላይ ነገሩ የሚብስ ከሆነ አስተኝው እንጂ ጨዋታ አትጨምሪለት።

ጫማውን በአጭሩ ልለፈው። የወለቀ ጫማ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይውጣ፤ እንግዳ ሲመጣም እንደዚያው። አሮጌ ጫማ ለጨዋታ አትስጪው፤ አሮጌውንና የእንግዳውን አዲስ ጫማ የሚለይበት መንገድ የለውም። ይዞ ሲሮጥ ደግሞ አታባርሩት። ጫማውን የሚወስደው ለአባሮሹ ነው። ባለህበት ቁም ብለሽ ሳይሆን ራስሽ ባለሽበት ቆመሽ «ልዋጭ!» በይው፣ እንደ ልዋጮቹ። ጉርሻ አሳዪው፤ ጫማውን ሲጥል ስጪው። ከዚያ ቀን በኋላ ያነሳውን ይዞልሽ መምጣት ይጀምራል።

ሽንቱም ከባድ አይደለም፤ ሰዓት መጠበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቡችላ ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ከበላ ብዙም ሳይቆይ፣ ጨዋታ ሲያቆም ይሸናል። በነዚህ ሰዓቶች ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይዘሽው ሂጂ፣ ቆመሽ ጠብቂ፣ ሲጨርስ እዚያው አጉርሺው። የሚችለው በወሩ ልክ ነው፤ አራት ወር የሞላው ከአራት ከአምስት ሰዓት በላይ ያዝ ቢባል አይችልም። ሌሊት አንዴ መነሳት አለብሽ። ባለቤትሽ ቢነሳ ደግሞ ይበልጥ ፍትሕ ነው፤ በካርቶን ያመጣው እሱ ነው። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ መድፈቅ የሚያስተምረው ከእናንተ ተደብቆ መሽናትን ነው። ቀድሞ የሸናውን ስታሳዪው አንገቱን የሚደፋው ጥፋቱ ገብቶት አይደለም፤ ፊትሽን አይቶ ነው። በረንዳውን ስታጸጂ በረኪና አትጠቀሚ። ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚተነው ጋዝ ለሳንባ ጎጂ ነው። አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ እጠቢው፤ የሽንት ሽታ ከቀረ ተመልሶ እዚያው ይሸናል።

አሁን ሰንሰለቱ። እዚህ ላይ አልለሳለስም። ቡቺን ቀኑን ሙሉ አስሮ ማዋል የጥፋቱ ሁሉ ስር ነው። በእንዲህ ዓይነት ዕድሜ ያለ ፍጥረት ሁለት ሜትር ላይ ውሎ ማታ ሲለቀቅ ቢያብድ ምን ይገርማል? ደግሞ ታስሮ የዋለ ውሻ የሚያልፈው ሁሉ እየመጣበት ማምለጫ ስለሌለው ነካሽ ይሆናል። ሰፈራችን ውስጥ የሚፈሩትን ውሾች አስቢያቸው፤ ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ ፀጉር የለም። ግቢው የጋራ ነው፣ ሁልጊዜ ሊለቀቅ አይችልም፤ ይገባኛል። ጓሮውን በአሮጌ ቆርቆሮ ወይም በአጣና አጥራችሁ ትንሽ የራሱ ሜዳ ስጡት። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ሃያ ደቂቃ በገመድ ይዛችሁት ውጡ፤ ወደ ጦሳ አቅጣጫ ያለው ዳገት ሰውንም ውሻንም ያደክማል። አታጣድፉት፣ እያሸተተ ይሂድ። ማሽተትም ያደክመዋል። ዝናብ ከሆነና መውጣት ካልተቻለ ባዶ ሃይላንድ ውሰጂ፣ ክዳኑንና አንገቷ ላይ የቀረችውን ቀለበት አውጪና ጣይ (ይውጣታል)፣ ደረቅ ዳቦ ሰባብረሽ ክተቺበት። ዳቦው እስኪወጣ ሲያንከባልል ይውላል። ፕላስቲኩን ቆርጦ መብላት ከጀመረ ግን ውሰጂበት።

ወደ ሰፈሩ ምክር ልምጣ። ሚጥሚጣ አይደረግም። ቡችላው የሚማረው «መንከስ ክፉ ነው» የሚለውን ሳይሆን «ወደ አፌ የሚመጣ እጅ ያቃጥላል» የሚለውን ነው፤ አድጎ የልጅሽ እጅ ወደ አፉ ሲመጣ ራሱን ይከላከላል። አፉን ጨብጦ መቆጣትም ያው ነው። ጆሮ መቁረጥ ሥቃይ ብቻ ነው። ጥርሱም፣ ድምፁም፣ ልቡም ጆሮው ላይ አይደለም ያለው።

«ሰው አታስለምዱት» የሚለው ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ምክር ይመስላል። ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከሦስት እስከ አሥራ አራት ሳምንት ገደማ ነው። ቡቺ ይህን ጊዜ አልፎታል፤ በሩ ግን ጨርሶ አልተዘጋም። በዚህ ዕድሜ ሽማግሌ፣ ዱላ የያዘ፣ ሒጃብ የለበሰች፣ ጃንጥላ የዘረጋ፣ ባጃጅ፣ በግ፣ ሸክም ያዘለ ሰው አይቶ ያልለመደ ውሻ ሲያድግ ሁሉን ይፈራል። ፈሪ ውሻ ጠባቂ አይሆንም፤ ጎረቤትንም ሌባንም ሳይለይ ይነክሳል። ሰው የለመደ ውሻ ግን የቤቱን ሰው ያውቃል፣ እንግዳ ሲመጣም ይለያል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ያንን ማንም አያስተምረውም፤ ወደ ዓመቱ ሲጠጋ ራሱ ያመጣዋል። ስለዚህ ፒያሳ አካባቢ ጥግ ይዘሽ ቁሚ፣ ሰውና መኪና ሲያልፍ ይይ፣ እያየ ጉበቱን ይብላ። ከመንገድ ውሾች ጋር ግን አይላፋ።

ይህ ወደ ክትባቱ ወሰደኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ክትባት አንድም ቃል የለም፤ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ቡቺ አንድ ወር አልፎታል። ከላይ ከጻፍኩት ሁሉ በፊት፣ በዚህ ሳምንት፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው። እግረ መንገድሽን የትል መድኃኒት ይስጡት፣ ስለ ሌሎቹ ክትባቶችም ጠይቂ። ልጆቹን ደግሞ ሲነክስ ቆዳ ቀድዶ ደም ካወጣ፣ ወይም የመንገድ ውሻ ከቧጨራቸው፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቢና ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። «ቡችላ ነው፣ የራሳችን ነው» ብለሽ አትዘናጊ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።

ምግቡንም ሳላነሳ አላልፍም። የወጥ ትርፍ አታጠጪው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳል፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። «ድሮ ስንት ውሻ የወጥ ፍርፋሪ በልቶ ኖሯል» ትዪኝ ይሆናል። ኖሯል። ስንቱ ለምን እንደሞተ ግን ማን ጠይቆ ያውቃል? ደረቅ እንጀራ በአጥንት መረቅ፣ እንቁላል፣ የተቀቀለ ሆድ ዕቃ ይበቃዋል። የተቀቀለ ማለቴን ልብ በይ። በአረፋ ወይም በፋሲካ በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታዪ ይሆናል። ውሻ ያንን በጥሬው ከበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይፈለፈላል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ጸጉሩ ላይም ይቀራል፣ ከዚያ ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። በሰው ጉበትም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ያንን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ልጆቹም ከቡቺ ጋር ተጫውተው ሳይታጠቡ እንዳይበሉ።

ሌሊት የሚጮኸው ላይ ሁለት ነገር ለዪልኝ። ገና እንደተኛችሁ ጀምሮ ማላዘን ከሆነ በርዶት ወይም ብቻውን ሆኖ ነው። ማደሪያው ከመሬት ከፍ ይበል፣ ጭድ ይነጠፍለት፣ ወደ ቤቱ በር ጠጋ ይበል። እኩለ ሌሊት ላይ ድንገት የሚጮህ ከሆነ ግን አንድ ነገር ሰምቶ ነው። በደሴ ሌሊት ጅብ እንደሚዞር አንቺም ታውቂያለሽ። ያን ጩኸት አታስተዪው፤ የቀጠራችሁት ለዚያ ነው። ወጣ ብለሽ እይ፣ «በቃ ሰምቻለሁ» በይው፣ ግቢ። ለጅብ ብሎ እንዳይወጣ የግቢው በር ስር ያለውን ክፍተት ግን በድንጋይ ድፈኑት፤ የአራት ወር ቡችላ ለጅብ አንድ ጉርሻ ነው።

ሁሉን በአንድ ቀን አትጀምሪ። በዚህ ሳምንት ክትባቱና የሐጂ ሰዓት ይበቃሻል። ልጆቹ የ«ቀጥ በል» ጨዋታውን ይልመዱ። ጆንያውን በሚቀጥለው ሳምንት። ትልልቅ ጥርሶቹ ወጥተው ሲያልቁ ማኘኩም ንክሻውም አብሮ ይቀንሳል፤ እስከዚያ ሁለት ወር ይበልጣል፣ ታገሺ። አንድ ነገር ካየሽ ግን ጊዜ አትስጪው፤ ምግቡ ላይ ሰው ሲጠጋ ሰውነቱን አድርቆ የሚያጉረመርም ከሆነ ልጆቹን ከሳህኑ አርቂና የእንስሳት ሐኪሙን አማክሪ። ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ በምን ሰዓት፣ በማን ላይ፣ ከምን በኋላ እንዳጉረመረመ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ «ይነክሳል» ብቻ ብትዪው ምንም ሊልሽ አይችልም።